አዛውንት ወላጆቻችሁን ለቼክአፕ ስትወስዱ ምን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን አስመርምሩ፣ ምኑን ተዉት

አብዛኛው ሰው እናት አባቱን ሐኪም ጋር ሚወስደው የሆነ ነገር ከተፈጠረ በኋላ ነው፣ ወይ ወድቀው ወይ ስኳራቸው ጣራ ነክቶ ወይ ደሞ አንድ ጎናቸው ሲደነዝዝ። የሚያሳዝነው እዛ ደረጃ ሚያደርሱት ነገሮች ብዙዎቹ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ የቆዩ መሆናቸው ነው። ደም ግፊት አያምም፣ ስኳር ሲጀምር አያምም፣ የአጥንት መሳሳት አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ አያምም፣ ግላኮማ ደሞ እይታን ከዳር ከዳር እየቀነሰ ሲሄድ ሰውየው ራሱ አይታወቀውም። ስለዚህ "እኔ ደህና ነኝ ምንም አላመመኝም" ሲሏችሁ እውነታቸውን ነው፣ ግን ለምርመራ ላለመሄድ በቂ ምክንያት አይደለም።

በሌላ በኩል ደሞ "ሁሉንም ነገር መርምሩልኝ" ሚባል ነገር አለ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ስካን፣ ደም በብዙ ብልቃጥ፣ ምናምን። እሱም አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በምስል ላይ ትንንሽ ነገር መገኘቱ የተለመደ ነው፣ ያንን ለማጣራት ሌላ ምርመራ፣ ለዛ ደሞ ናሙና መቁረጥ፣ በመሃል ሰውየው ይንገላታል። እኔ ሁሌ ምለው የአዛውንት ቼክአፕ ከአንድ ጥያቄ ይነሳ ነው፦ በሚቀጥሉት ዓመታት በራሳቸው እግር እንዲሄዱ፣ በራሳቸው እጅ እንዲበሉና እንዲለብሱ፣ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ እንዲቆዩ ምንድነው ሊያደናቅፋቸው ሚችለው? ከዛ ወደኋላ እየሄዳችሁ ምን መታየት እንዳለበት ታገኙታላችሁ። ይሄን ምታነቡት ስለራሳችሁ ከሆነም ያው ነው፣ ልጅ ባይኖርም ብቻችሁን ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት

በመጀመሪያ አንድ ፌስታል ውሰዱና በቤት ውስጥ ያለውን መድሃኒት በሙሉ ክተቱበት። በሙሉ ስል ሐኪም ያዘዘውን ብቻ አይደለም፣ ራስ ምታት ሲመጣ ሚዋጠውን፣ የዐይን ጠብታውን፣ ቫይታሚኑን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ጎረቤት "ለኔ ሰርቶልኛል" ብሎ የሰጠውን ጭምር። ስሙን ወረቀት ላይ ገልብጦ ከመሄድ እቃውን ራሱን ይዞ መሄድ ይሻላል ምክንያቱም አንዳንዴ አንድ አይነት መድሃኒት በሁለት የተለያየ ስም ተገዝቶ ሁለቱም እየተወሰደ ይገኛል፣ ይሄ ደሞ ሚታወቀው ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ብልቃጦቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው ነው።

ከዛ አጭር ወረቀት ጻፉ፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ኦፕራሲዮን፣ አለርጂ ሚሆንባቸው መድሃኒት፣ የወሰዱት ክትባት፣ በቤተሰብ ውስጥ ስኳር ወይ የልብ በሽታ ወይ ካንሰር ካለ ማን ላይ በስንት ዓመቱ። ባለፈው ዓመት ወድቀው ከሆነ ባይጎዱም እሱንም ጻፉት። መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ካላቸው አድርገው ይሂዱ፣ እጅጌው በቀላሉ ሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ። ደም ምርመራው በባዶ ሆድ ይሁን አይሁን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን ሚወስዱ ከሆነ ሳይበሉ መድሃኒቱን ከወሰዱ ስኳራቸው በጣም ሊወርድና ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ሳትጠይቁ እንዳትሄዱ።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ደሞ እባካችሁ እናንተ አትመልሱላቸው። ሐኪሙ "እንዴት ነዎት" ሲላቸው ልጅ ቀድሞ ሚያወራ ከሆነ ሐኪሙ ስለታካሚው ብዙ ነገር ያመልጠዋል፣ ንግግራቸው ራሱ ምርመራ ነው። የሆነ ሰዓት ላይ እናንተ ውጡና ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን ትንሽ ይቆዩ፣ በልጅ ፊት ማይወራ ነገር አለ።

የመድሃኒቱ ፌስታል

ከቼክአፑ ሁሉ ትልቁን ጥቅም ምታገኙት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ግን ማንም ጊዜ አይሰጠውም። 5 እና ከዛ በላይ መድሃኒት ሚወስዱ አዛውንት ብዙ ናቸው፣ አንዱ ሐኪም ለልቡ፣ ሌላው ለስኳሩ፣ ሌላው ለወገቡ ያዛል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ሰው ግን የለም። እንዲህ ሚሆን ነገር አለ፦ ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይታዘዛል፣ አምሎዲፒን እግር ማሳበጥ ይችላል፣ እግሩ ሲያብጥ እንደ አዲስ በሽታ ይታይና ሽንት ሚያበዛ መድሃኒት ይጨመራል፣ ከዛ ሌሊት ሽንት እየመጣ ከእንቅልፍ ያስነሳል፣ በጨለማ ሲነሱ ደሞ ይወድቃሉ። የጭኑ አጥንት ስብራት መነሻው ሲቆጠር ያ የመጀመሪያ ኪኒን ይሆናል ማለት ነው።

ከ1991 ጀምሮ እየታደሰ ሚወጣ ቢርስ ክራይቴሪያ ሚባል ዝርዝር አለ፣ ለአዛውንት ጉዳታቸው ሚያመዝን መድሃኒቶችን ይዘረዝራል። በተለይ ሶስቱን ዐይናችሁ ይያዛቸው። አንደኛ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች፣ ሚዛን ያሳጣሉ፣ ያደነዝዛሉ፣ ለመውደቅ ይዳርጋሉ። ሁለተኛ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ እንቅልፍ ሚያመጡ የድሮ የአለርጂ መድሃኒቶች፣ በጉንፋን መድሃኒት ውስጥም ተቀላቅለው ይገኛሉ፣ ሰውየውን ግራ ሊያጋቡት፣ ሆድ ሊያደርቁና ሽንት ሊይዙ ይችላሉ። ሶስተኛ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የህመም ማስታገሻዎች፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲወሰዱ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋሉ። ጉልበት ስላመመ ብቻ ሳያስቡት ለዓመታት ሚውጡት ሰዎች አሉ።

በየብልቃጡ ላይ ሐኪሙን ሶስት ነገር ጠይቁት፣ ይሄ ለምንድነው፣ አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ፣ መጠኑ ለኩላሊታቸው አቅም ልክ ነው ወይ። ግን በራሳችሁ ምንም አታቁሙ፣ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የግፊትና የልብ መድሃኒቶች በአንዴ ሲቆሙ ልብ ላይ አደጋ ያመጣሉ፣ የእንቅልፍ ኪኒኖቹም ቀስ በቀስ ነው ሚቀነሱት። አስፒሪን ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ሃርት አታክም (ድንገተኛ የልብ ህመም) ስትሮክም ይዟቸው ማያውቅ ሰዎች 60 ካለፉ በኋላ "ለጥንቃቄ" ብለው በየቀኑ አስፒሪን መጀመር አይመከርም፣ የመድማት አደጋው ያመዝናል። ከዚህ በፊት ልባቸውን ወይ ስትሮክ የታመሙት ግን ያለ ሐኪም እንዳያቆሙት።

ደም ግፊት እንዴት ይለካል

ሁሉም ሰው ይለካል ግን በትክክል ተለክቶ ሚያውቅ ጥቂት ነው። ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ፣ እያወሩ፣ እግራቸው ተንጠልጥሎ፣ በወፍራም ሹራብ ላይ ተለክቶ "160 ነው" ይባልና መድሃኒት ይጨመራል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ከመለካታቸው 30 ደቂቃ በፊት ቡና፣ ሲጋራ፣ ስፖርት የለም፣ ሽንት ይሽኑ፣ ጀርባቸው ተደግፎ እግራቸው መሬት ረግጦ ሳይነባበር 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ክንዳቸው ባዶውን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ሲለካ አይወራም፣ ከዛ 1 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ በቤት ለክታችሁ ጽፋችሁ ከሄዳችሁ ሐኪሙ ከዛች ከአንዷ የክሊኒክ ቁጥር የበለጠ ይጠቅመዋል፣ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ብቻ ሚጨምርባቸው ሰዎች አሉና።

የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 በተደጋጋሚ ከሆነ ደም ግፊት ይባላል፣ አንዳንድ መመሪያዎች 130 በ80 ላይ ይጀምራሉ። ለአዛውንት ደሞ ማይቀር አንድ ነገር አለ፣ ቁጭ ብለው ከተለኩ በኋላ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይለኩ። ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ከአልጋ ሲነሱ አዙሮ ሊጥላቸው ይችላል ማለት ነው፣ መድሃኒቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ አንሷቸውም ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ራሱ ይቀንሳልና። ሐኪሙ ይሄን ካላደረገ "ቆመውም ይለኩልን" በሉ፣ ምንም ነውር የለውም።

የደም ምርመራው

እዚህ ላይ አላረዝምም። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ማነስ፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ። የባዶ ሆድ ስኳር 126 እና ከዛ በላይ፣ ወይም የሶስት ወር አማካዩን ሚያሳየው ምርመራ 6.5 ፐርሰንት እና ከዛ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው፣ ግን ምልክት ከሌለ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ገና አልያዛቸውም፣ እያንዣበበ ነው፣ በእንቅስቃሴና በአመጋገብ ሊመለስ ሚችልበት ጊዜ ነው። ቀድሞ ስኳር ያለባቸውና አቅማቸው የደከመ አዛውንት ላይ ደሞ ስኳሩን እንደ ወጣት አጥብቆ ማውረድ ጥሩ አይደለም፣ ስኳር በጣም ሲወርድ መውደቅም መቃዠትም ያመጣል፣ ስለዚህ "ለሳቸው ስንት ቢሆን ይበቃል" ብላችሁ ጠይቁ። ሜትፎርሚን ሚባለውን የስኳር ኪኒን ለረጅም ዓመት የወሰዱ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ይታይላቸው፣ ሲያንስ እግር ማደንዘዝና መርሳት ያመጣል፣ ህክምናውም ቀላል ነው።

መውደቅ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ከ28 እስከ 35 ፐርሰንቱ በየዓመቱ ይወድቃሉ። ስብራቱ ብቻ አይደለም፣ አንዴ የወደቀ ሰው ፈርቶ መንቀሳቀስ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ መልሶ ይወድቃል።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ምትችሉት ነገር አለ። ከወንበር ተነስተው፣ በተለመደው እርምጃቸው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። 12 ሰከንድ እና ከዛ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ አደጋ አለ ይባላል። ከጎናቸው ቁሙ፣ ሚጠቀሙበት ምርኩዝ ካለ ይያዙ። ሰከንዱን ብቻ ሳይሆን አነሳሳቸውንም እዩት፣ በእጃቸው ገፍተው ነው ወይ ሚነሱት፣ ሲዞሩ ይንገዳገዳሉ ወይ፣ እግራቸውን ይጎትታሉ ወይ። ያያችሁትን ለሐኪሙ ንገሩት፣ ፊዚዮቴራፒ ሊልካቸው ይችላል።

ቤቱንም ዞር ዞር በሉና እዩት፣ ሚንሸራተት ምንጣፍ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው ጨለማ፣ መያዣ የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ ተረከዙ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ። ሴቶች 65 ሲሞላቸው የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ ራጅ ቢነሱ ይመከራል፣ ከዛ በፊት በትንሽ አወዳደቅ የተሰበሩ ወይም ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድሃኒት የወሰዱ ከሆነ ደሞ ወንድም ሴትም ዕድሜ ሳይጠብቁ ይጠይቁ።

እንቅስቃሴውስ? በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መለስተኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ 3 ቀን ሚዛን ማስጠበቂያ ነው ምክሩ። "እኔማ በየቀኑ እራመዳለሁ" ይላሉ፣ ጎበዝ ነው፣ ግን እርምጃ ብቻውን ጭንንና ሚዛንን አያጠነክርም። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥን መደጋገም፣ ግድግዳ አጠገብ ሆነው በአንድ እግር ለመቆም መሞከር፣ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው። ሲያደርጉት ደረት ከያዛቸው ወይ ካዞራቸው ያቁሙና ለሐኪም ይናገሩ።

ዐይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ

65 ካለፈ በኋላ ዐይን በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት፣ ስኳር ካለ በየዓመቱ የግድ ነው። የዐይን ሞራ በኦፕራሲዮን ይስተካከላል፣ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም፣ ሚቻለው ቀድሞ አግኝቶ ባለበት ማቆም ነው።

ጆሮ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲያወራ አይሰሙም፣ ከዛ ማያገባ መልስ ይሰጣሉ፣ ቤተሰቡ "አረጁ፣ ዘነጉ" ይላል፣ እሳቸው ደሞ ሲስቁባቸው ዝም ማለት ይጀምራሉ። የመስማት መቀነስ ዛሬ ለመርሳት በሽታ አጋላጭ ተብለው ከተለዩት ሊስተካከሉ ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ነው። መጀመሪያ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ፣ አንዳንዴ ጉዳዩ እሱ ብቻ ሆኖ በደቂቃዎች ይፈታል። ካልሆነ የመስማት ምርመራና ማዳመጫ። ጥርስ የሌላቸውም ቢሆኑ የጥርስ ሐኪም ይያቸው፣ ሰው ሰራሽ ጥርሱ ልኩ ተበላሽቶ ድዱን ካቆሰለ መብላት ይተዋሉ፣ የማይድን የአፍ ቁስልም እዛው ይታያል።

ማይናገሩት ነገር

ሽንት ማምለጥ፣ ድብርት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ እነዚህን በራሳቸው አንስተው ሚናገሩ ጥቂት ናቸው፣ "የእርጅና ነው" ብለው ተቀብለውታል። ሽንት ማምለጥ ብዙ ጊዜ መፍትሄ አለው። ሳያስቡት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ክብደታቸው በ5 ፐርሰንት ከቀነሰ፣ 60 ኪሎ የነበሩት 57 ገብተው ከሆነ ማለት ነው፣ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ልብሳቸው ሲሰፋ ካያችሁ ሚዛን ላይ አውጧቸው።

ለድብርት ሁለት ጥያቄ ብቻ በቂ መነሻ ነው፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ይከፋዎት ወይም ተስፋ ይቆርጡ ነበር? ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር ደስ ማለት ተወ? ለመርሳት ደሞ ሐኪሙ 3 ቃላት ሰጥቷቸው ሰዓት ያስስላቸውና ቃላቶቹን መልሰው እንዲነግሩት ይጠይቃቸዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው ሚፈጀው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ብዙ አያስጨንቅም፣ ሚያውቁት መንገድ ሲጠፋባቸው ወይም ለዓመታት የያዙት የገንዘብ ሂሳብ ሲያምታታቸው ነው ሚያሳስበው። ያኔም የመርሳት በሽታ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቢ12 ማነስና መድሃኒት ይፈተሹ፣ እነዚህ ይታከማሉ።

የካንሰር ምርመራና መቼ ይቁም

የዕድሜ ገደቡ ከአገር አገር ይለያያል። የአሜሪካውን መመሪያ ለምሳሌ ብንወስድ የትልቁ አንጀት ምርመራ ከ45 እስከ 75፣ ማሞግራም ሚባለው የጡት ራጅ ከ40 እስከ 74 በየ2 ዓመቱ፣ የማህፀን በር ምርመራ ቀድሞ በአግባቡ ተመርምረው ነጻ ከነበሩ 65 ላይ ይቆማል። ለአንጀት ኮሎኖስኮፒ (በካሜራ አንጀትን ማየት) ሚያስፈራቸው ከሆነ በሰገራ ውስጥ በዐይን ማይታይ ደም ሚፈልግ ምርመራ በየዓመቱ ማድረግ ይቻላል፣ ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። ለረጅም ዘመን ብዙ ያጨሱ ሰዎች የሳንባ ሲቲ ስካን ይመለከታቸዋል፣ አጭሰው ሚያውቁ ከ65 እስከ 75 ያሉ ወንዶች ደሞ የሆድ ዋና ደም ስር አብጦ እንደሆነ አንዴ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ከ70 በኋላ ምልክት ለሌለው ሰው አይመከርም።

ለምን ይቆማል ካላችሁ፣ ቀድሞ በመገኘቱ ሚመጣው ጥቅም እስኪታይ 10 ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ የምርመራው ጣጣ ግን ዛሬውኑ ነው። ሌላ ከባድ ህመም ላለባቸው የ85 ዓመት እናት ማሞግራም አለማስነሳት ችላ ማለት አይደለም። ይሄ ግን ምልክት ለሌለው ሰው ነው፣ እብጠት ወይ ደም ወይ ማይለቅ ሳል ካለ በማንኛውም ዕድሜ ይመረመራል።

ክትባት

ክትባት የልጅ ብቻ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ፣ የሳንባ ምች፣ ቴታነስ በየ10 ዓመቱ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ደሞ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በሚገኝበት ቦታ 2 ጊዜ ይወሰዳል። አልማዝ ባለጭራ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሚተወው የነርቭ ህመም ወራትና ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ማግኘት ከቻላችሁ አትለፉት። የትኞቹ እንዳሉና ለማን እንደሚሰጡ እዛው ጠይቁ።

አልሄድም ካሉ

አትጨቃጨቁ። አብዛኛዎቹ ሚፈሩት ምርመራውን ሳይሆን ከዛ በኋላ ሚመጣውን ነው፣ ለልጅ ሸክም መሆኑን፣ አልጋ መያዙን። "ምን እንዳለብዎት እንይ" ከማለት "ያዞረኛል ያሉት ነገር መፍትሄ እንዳለው እንጠይቅ" ማለት ይሻላል፣ እሳቸውን ከሚያስቸግራቸው ነገር ጀምሩ፣ ጉልበቱ ከሆነ ከጉልበቱ። በአንድ ቀን ሁሉንም ማድረግም አያስፈልግም፣ ዛሬ ግፊትና መድሃኒት፣ በሚቀጥለው ዐይንና ጆሮ። ስትወጡ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትይዙ፣ ምን ተቀየረ ምን ቆመ ሚለውን በወረቀት ሳታጽፉ አትውጡ።

ቀጠሮ ማይጠበቅበት ነገር ደሞ አለ። ፊት አንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ደረት ከያዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ጭንቅላታቸውን ተመተው ደም ማቅጠኛ ሚወስዱ ከሆነ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተቃዡ ወይም ሰው መለየት ካቃታቸውም እንደዛው፣ አዛውንት ላይ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ምንም ትኩሳት ሳይኖረው በዚህ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፣ "ትኩሳት የላቸውም እስከ ጠዋት እንይ" ብላችሁ እንዳታሳድሯቸው።